ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ

ሽፋን አልነበረው፤ ርእሱ ተገንጥሏል፤
ስንከፍተው ልጁ መርከብ ውስጥ ተደብቋል፤
ከጨው ጆንያ ኋላ፣ ከዓሣ በርሜል መሐል
ትንፋሹን ቆልፎ ኮቴ ይቆጥራል።
ስሙ ከፊተኞቹ ገጾች ጋር ስለጠፋ
ጦይባ አወጣችለት፤ «ባሕሩ» ብላ በይፋ።

የጋሽ አራጌ ሱቅ ሸዋ በር ላይ ነው፤
ስሙኒ ለአንድ ሌሊት። መያዣው ጫማ ነው፤
ሁለቱም አይደለም፤ ግራው ብቻ ይበቃል፤
«በአንድ ጫማ የትም ርቆ ማን ይጠፋል?»
እኔ ግን በዚያች ሌሊት፣ በአንድ ባዶ እግሬ፣
ስንት ባሕር ዞሬ ተመለስኩ ሰፈሬ።

ፋኖስ አልነበረም፤ መብራት ገብቶልናል፤
አባቴ ግን ቆጣሪው ሲዞር ያመዋል፤
ስለዚህ ከመንገዱ መብራት ሥር ተቀምጠን
በየተራ አነበብን፣ ጋቢ ተከናንበን።

ደሴ ባሕር የላትም። ክረምት ሲገባ ግን
ጦሳ ጉሙን ለቆ ሲያለብሰው ፒያሳን፣
የሆጤ ሜዳ ጠፍቶ፣ ጣሪያ ብቻ ሲቀር፣
ቆርቆሮው እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ በአየር፣
«መሬት!» ትል ነበረች ጦይባ ከአጥር ላይ፣
የአይጠየፍን ጫፍ አሻግራ ስታይ።

ገጽ ሁለት መቶ ስድስት። ባሕሩ ታስሯል።
ማዕበሉ ተነሥቷል፤ ገመዱ ተቋጥሯል፤
ከባሕር ሥር ይሰማል የመዳብ ደወሉ፤
መርከበኞች ፈርተው ይንቀጠቀጣሉ፤
ካፒቴኑ ቢላዋ መዞ «ተናገር!» ሲለው —
ከዚያ ወዲያ ክር ነው። ስፌት ነው። ባዶ ነው።

«የት ሄደ?» ስንለው ጋሽ አራጌ አፍሮ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንገቱን አቀርቅሮ፣
«ባለፈው ሰኞ ገበያ እትዬ ዘይነባ
መጠቅለያ አጥታ፣ ከፊቴ ስትባባ፣
ሰጠኋት… ጥቂት ገጽ። ለኦቾሎኒዋ።»
ከነሙሉ መርከቡ ባሕሩ ገባ ቅርጫቷ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ነው ጀብዱው የተጀመረ።
የዳቦ ሳንቲማችን ኦቾሎኒ ሆኖ ቀረ።
ከቧንቧ ውሃ እስከ አራዳ፣ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ
ቅርጫቷ ፊት ፊት ሲሄድ፣ እኛ ኋላ፣ እንደ አህያ።
ሁለት መቶ ስምንት፤ በጨው የነጣ፣ የራሰ፤
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፤ በስንት ጣት የታሸ፣ የተዳሰሰ፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስትን ከአንድ ረዳት አፍ ሥር
ነጠቀችው ጦይባ፣ ጨምድዶ ሊወረውር።
ኦቾሎኒ ጠላን፤ ሆዳችን ተነፋ፤
ታሪኩ ግን በኪሳችን በትንሽ በትንሹ ሰፋ።

ቢላዋው ወደቀ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤
ባሕሩ ጠለቀ፤ ደወሉ ሥር ደረሰ፤
እጁን ዘረጋና —
አንዲት ገጽ ጎደለች። የመጨረሻዋ። ወዴት እንፈልጋት?
ምናልባት ዝናብ በላት፣ ምናልባት ቦርከና ወሰዳት።

በዚያው ዓመት የጦይባ አባት ሥራ ቀየረ፤
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ ተቀጠረ።
ፍራሽ፣ ሰታቴ፣ ጦይባ፣ በጭነት መኪና ላይ፤
ሐረጎን ሲወርዱ ጉም የለም፤ ቁልጭ ያለ ሰማይ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የአውቶቡስ ረዳት
ስሜን ጠርቶ ሰጠኝ የታጠፈች ወረቀት።
የኦቾሎኒ ገለባ ተጣብቆባታል፤
ከራስጌዋ «219» ተጽፎባታል።
የማተሚያ አይደለችም፤ በእርሳስ ተጽፋለች፤
«ረ»ን እንዲህ የምታጎብጥ ጦይባ ብቻ ነች።

«ባሕሩ ደወሉን ነካው እንጂ አልደወለም፤
ቢደውል ሰው ይመጣል፤ ያኔ ምሥጢር የለም።
የግራ ጫማውን ፈታ፣ ከደወሉ ሥር ትቶ
ወጣ። መያዣ የተወ ሰው ሄደ አይባልም ከቶ።»

ዘንድሮ፣ ፒያሳ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር
አገኘሁት ሙሉውን፤ ከነሽፋን፣ ከነክር።
(የልጁ ስም ሌላ ነው። አልነግራችሁም።)
ቆሜ ገለጥኩት፤ ዋጋም አልጠየቅሁም።
መጨረሻው ላይ ደወሉ እየጮኸ፣ እያስገመገመ
ወርቅ ወጣ፤ ንጉሥ መጣ፤ ልጁም ተሸለመ።
«አይ፣ አልገዛም» አልኩት ሻጩን፤ «እዚህ ጋ ተሳስቷል።»
ከታች ረዳቱ ይጮሃል፤ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው ቀርቷል!»